የምታንኳኳው ማንቆርቆሪያ

አባቴ ለሰው ዕቃ ይሰጥና በስልሳኛው ቀን ሄዶ ይቀበል ነበር። ሰፈሩ «ሰጥቶ ነሺው» ይለዋል። እኔ እንግዲህ የሰጥቶ ነሺው ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤት እርሳስ ያዋስኩት ልጅ ሁሉ «መቼ ነው የምትነጥቂኝ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። ሰው በስምንት ዓመቱ የሚሸከመው እፍረት ከዚያ በኋላ ከሚሸከመው ሁሉ ይከብዳል፤ ልጅ ምን ያውቃል የሚል ሰው እንዳያታልላችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። የወጥ ቤት ዕቃ የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ «የቅርጽ ክፍል» የምትባል አንድ ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ያሉት አባቴ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሞረድ ዓይነት፣ እና ጆሯቸው በደንብ የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ናቸው። አባቴ የጆጉን፣ የኩባያውን፣ የጭልፋውን ቅርጽ መጀመሪያ ከእንጨት ይቀርጻል። ቀጥቃጩ ያንን አይተው አንድ ብቻ ከአልሙኒየም ቆርቆሮ በእጃቸው ያወጣሉ። ያቺ አንዷ ፋብሪካው በብዛት ከመሥራቱ በፊት ወደ ሰፈራችን ትመጣና ለአንድ ሰው ትሰጣለች። «ስልሳ ቀን ይጠቀሙባት፤ ከዚያ መጥቼ እወስዳታለሁ» ይላል አባቴ። ማክሰኞ የተሰጠ ዕቃ ስልሳኛው ቀኑ ቅዳሜ ይውላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ማክሰኞ ይሰጣል፣ ቅዳሜ እኔን በእጄ ይዞ ሄዶ ይቀበላል።

በር ላይ የሚናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ዝም ይላል። የሰውየውን ፊት አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። እኔ ይሄ ነገር ብልግና ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ «ሰው ሲያናግርሽ ዓይን ዓይኑን እዪ» እያለች ነበርና ያሳደገችኝ።

ጡረታ የወጡት መምህር ጋ የሄድንበት ቅዳሜ ትዝ ይለኛል። አባቴ ገና ተናግሮ ሳይጨርስ መምህሩ ገብተው ጆጉን ይዘው ወጡ። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ በጋዜጣ ተጠቅልሏል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ግሩም ጆግ ነው። እስቲ እየው፣ አንድ ጭረት የለበትም» አሉ። እኔ ደስ አለኝ። ምን ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው! አባቴ አመሰገናቸውና መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ደብተሩን አወጣ። በትከሻው በኩል አጮልቄ አነበብኩ። «ጆግ። ታጥቦ ተመለሰ» ይላል። ከሱ በላይ፦ «ኩባያ። ታጥቦ ተመለሰ።» ከሱም በላይ፦ «ማጥለያ። ታጥቦ ተመለሰ፣ ከምስጋና ጋር።» ደብተሩ የጨዋ ሰዎች መዝገብ መሰለኝ። ታዲያ አባቴ ለምን እንደሚተክዝ አይገባኝም ነበር።

ዛሬ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ የሰው ቃል ስጽፍ ነው የምውለው። ነገር የሚያንዛዛ ምስክር አልወድም። ስለዚህ ያኔ ያልገባኝን አሁኑኑ ልንገራችሁ፦ አባቴ የሚፈልገው እምቢ የሚለውን ሰው ነበር። ታጥቦ የተመለሰ ዕቃ በሱ ዘንድ የወደቀ ዕቃ ነው። ሰው የወደደውን ነገር መልስ ሲሉት አፉ «እሺ» ቢል እንኳ እጁ ወደኋላ ይላል፤ ሰበብ ይፈልጋል፤ «እስቲ ሳምንት ና» ይላል። አባቴ ያቺን ወደኋላ የምትል እጅ ፍለጋ ነበር በየቅዳሜው የሚንከራተተው።

ቤታችን ታዲያ የወደቁት ዕቃዎች ማደሪያ ነበር። አፉ የሚያንጠባጥብ ጆግ፣ ጣት የሚቆነጥጥ ኩባያ፣ እጀታው ቶሎ የሚግል መጥበሻ፤ ሁሉም እኛ ጋ ናቸው። እናቴ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ውላ መጥታ መደርደሪያውን እያየች «እኔስ ስልሳ ቀኔ መቼ ነው የሚሞላው?» ትለዋለች።

«አንቺን ማን ይመልስሻል» ይላታል አባቴ።

«ታጥቤም ቢሆን?»

«ታጥበሽም ቢሆን።»

የመጨረሻዋ ዕቃ ማንቆርቆሪያ ነበረች። አባቴ ሲቀርጻት አጠገቡ ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት ሰው ስለማይኖር የፋብሪካው ዘበኛ አባቴ ጋ ያስገቡኝ ነበር። ክፍሏ የእንጨት ፍቅፋቂና የጋለ ብረት ትሸታለች። አባቴ የእጀታውን እንጨት ይሞርድና ዓይኑን ጨፍኖ ይጨብጠዋል፤ ደግሞ ይሞርዳል፤ ደግሞ ይጨፍናል። ከዚያ ቀጥቃጩን ያስጨብጣል፣ ዘበኛውን ያስጨብጣል፣ እኔን ያስጨብጣል። «ሚጢ፣ አውራ ጣትሽ የት ጋ ነው ማረፍ የፈለገው?» አለኝ። አሳየሁት። እዚያች ቦታ ላይ ትንሽ ጎድጎድ አደረጋት።

ቀጥቃጩ ከቆርቆሮ ሲያወጧት ሆዷ ሰፊ፣ አንገቷ አጭር ሆነች። ክዳኗ ግን ላላ አለ። ሊያጠብቁት መዶሻ ሲያነሱ አባቴ እጃቸውን ያዘና ጆሯቸው ውስጥ ጮኸ። «ይተዉት! እንደሱ ይሁን!» ውኃ ሞልተን ምድጃ ላይ ጣድናት። ውኃው ሊፈላ ሲል ክዳኗ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። ቁርጥ በር የሚያንኳኳ ሰው። ዘበኛው «ማነው?» ብለው ዘወር አሉ።

«ተበላሸች እኮ፣ አባዬ» አልኩት።

«አልተበላሸችም። አመሏ ነው። ሰው የሚለምደው አመል ያለውን ነገር ነው።»

ይህንኑ ቤት ገብቶ ለእናቴ ሲነግራት ጣሪያው እስኪሰነጠቅ ሳቀች። «አመል ያወጣል ከመሐል ሲባል አልሰማህም? እሷም ታጥባ ትመጣለች፣ ምን ቸገረህ!» ከዚያ ግን ሳቋን ዋጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እኔ ምንጣፉ ላይ የቤት ሥራ እሠራለሁ፤ ትልልቅ ሰዎች ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ልጅ ጆሮው ይቆማል። «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ምን አለህ?» «ቅርጽ ከውጭ ተገዝቶ ይመጣል፣ አንተ ምን ታደርጋለህ ነው ነገሩ። ክፉ ሰው አይደለም። የይቺን ማንቆርቆሪያ ስልሳ ቀን ይጠብቀኛል፤ ቅዳሜዋን ልያትና ረቡዕ መጥቶ ይሰማኛል። ካልሆነ ክፍሉ ይዘጋል።» የገባኝ ይህ ነው፦ ረቡዕ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣል፤ ማንቆርቆሪያዋ እዚያ ከሌለች አባቴ ጉዱ ፈላ።

የተሰጠቻቸው እማማ አዋላጅ ናቸው። የሰፈሩን ግማሽ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ያዋለዱ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። በራቸው አይቆለፍም። «የአዋላጅ በር ከተቆለፈ ልጁ ደጅ ይወለዳል» ይላሉ። ያን ማክሰኞ አባቴ ማንቆርቆሪያዋን ሲያስረክባቸው ከላይ እስከ ታች ገላመጧት።

«ምን ያለች ድቡልቡል ነው ያመጣህብኝ? እርጉዝ አይደለችም እንዴ!»

«ስልሳ ቀን ብቻ ነው፣ እማማ።»

«በስልሳ ቀን ከወለደች አስጠራሃለሁ» ብለው ሳቁ። ያንኑ ቀን ስሟ ድቡሌ ሆነ።

ስልሳኛው ቀን ሲደርስ አባቴ ጠዋት ሦስት ጊዜ ጫማውን ጠረገ። በሩን አንኳኳ። «ግቡ፣ ክፍት ነው!» አሉን። ገባን። እማማ አዋላጅ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ማብሰያ ቦታውን የሚጋርድ መጋረጃ አለ።

«ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እማማ።»

«የትኛውን ዕቃ?»

«ማንቆርቆሪያዋን።»

እማማ አዋላጅ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አቆላለፉ። «እሷንማ ሌባ ወሰዳት» አሉ።

«ምን? መቼ?»

«ትናንት። አይ፣ ከትናንት ወዲያ። በሬ አይቆለፍ፣ ታውቀው የለ። ሰው ከፍቷል ልጄ፣ ዘመኑ ከፍቷል!»

ይሄኔ ከመጋረጃው ጀርባ፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ማንኳኳቱ ቀጠለ። እማማ አዋላጅ ድንገት ወደ በሩ ዞረው «ማነው?» ብለው ጮኹ። ደጁ ላይ ማንም የለም። «እንግዳ መጣብኝ መሰለኝ፤ እናንተም ሂዱ እንግዲህ፣ በሉ» ብለው እኔንም አባቴንም በትከሻችን ገፋ ገፋ አድርገው አስወጡን። የአባቴ ከንፈር ይንቀጠቀጣል። «እግዜር ያስገኝልዎት፣ እማማ» ሲል ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረው።

መታጠፊያው ጋ ደብተሩን አወጣ። «ማንቆርቆሪያ። ሌባ ወሰዳት አሉ።» ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ከዚያ እያፏጨ፣ እኔን በእጄ አንጠልጥሎ እያወዛወዘ ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ የሚያውቁትን ሁሉ እየሳቀ ሰላም ይላል። እኔ ግን አላታለለኝም። ከሳምንት በፊት ክፍል ውስጥ ከነወንበሬ ወድቄ፣ እንዳላለቅስ ብዬ ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ሰው በጣም ሲያፍር እንደሚስቅ አውቃለሁ። አባቴን አንዲት ሴትዮ ዓይኑ እያየ ዘረፈችው፤ አሰመረበት፤ ረቡዕ ደግሞ ትልቁ ሰውዬ ይመጣል። የዚያን ቀን፣ ሰጥቶ ነሺው ስለተባለ ሳፍርበት የኖርኩትን አባቴን ላድነው ቆረጥኩ።

እስከ ዛሬ አባቴን እንደዚያን ቅዳሜ ሲደሰት አላየሁትም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ በእማማ አዋላጅ በር በኩል ሄድኩ። እሳቸው ጓሮ ልብስ ያሰጣሉ፤ ከራሳቸው ጋር ያወራሉ። ገባሁ። መጋረጃውን ገለጥኩ። ድቡሌ ምድጃው ላይ ናት፤ ከሥሯ እሳቱ ጠፍቷል፤ አንኳኩታ ጨርሳለች። ሹራቤን አውልቄ ጠቀለልኳትና ወጣሁ። ወደ ፋብሪካው ነው የሄድኩት። ከአፏ የሚንጠባጠበው ጭኔን ሲለበልበኝ ጥርሴን ነክሼ ሮጥኩ እንጂ አልጣልኳትም። እዚያ ቦታ ላይ ዛሬም የጥፍር ታህል ጠባሳ አለችኝ።

የቅርጽ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ ከረባት ያሰረ ወጣት ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪመጣ ይስቃል። አባቴ መሐል ላይ ቆሞ በሁለት እጁ እያወራ ነው። «'ሌባ ወሰዳት' ይሉኛል፣ እሷ እዚያው መጋረጃ ጀርባ ታንኳኳለች! 'ማነው?' አይሉም መሰለዎት?» ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጠርጎ «ይሄንንስ በዓይኔ ማየት አለብኝ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ። እውነት ከሆነ ክፍሉን የሚዘጋው ማነው?» አለ። እኔ የሰማሁት «ክፍሉን» እና «የሚዘጋው» የሚለውን ነው። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

«አባዬ፣ ይኸው! አመጣሁልህ!»

ሹራቡን ገለጥኩት። የሁለቱም ሳቅ ቆመ። አባቴ ማንቆርቆሪያዋን አየ፣ እኔን አየ።

«ከየት አመጣሻት?»

«ልክ ሠራሽ» እንዲለኝ ስጠብቅ፣ ይህን ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ያየኛል። ሰረቅኩ ብል ሌባ ልሆን ነው፤ የአባቴም ልጅ ሌባ ልትሆን ነው። «እማማ አዋላጅ ሰጡኝ» አልኩ። ይሄ አልበቃኝም። «'ለአባትሽ መልሺለት፣ አልፈልጋትም' አሉኝ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ፍርድ ቤት የሚዋሽ ምስክርም እንደዚህ ነው፤ ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አንድ ይጨምራል፣ ያቺ የጨመራት ናት የምትገድለው።

አባቴ ድቡሌን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ጀርባውን ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቶ ክዳኗን ከፈተና ውስጧን ብዙ አየ። ከዚያ ቀሚሴን አየ። ከዚያ እጆቼን። መልሶ ከደናት።

«ልጅቷ ያለችው እውነት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ። ይህን ሲጠይቅ ራሱም የጨነቀው ይመስላል።

አባቴ ወደሱ ዞረ። «ልጄ አትዋሽም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ «እንግዲህ… አዝናለሁ» ብሎ የአባቴን ትከሻ ነካ አድርጎ ወጣ። ቀጥቃጩ ምንም ስላልሰሙ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ። እኔ ደግሞ ኮራሁ! ትልቅ ሰው ፊት «ልጄ አትዋሽም» ተብሎልኛል።

አባቴ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ተንበረከከ። «የት ጋ ነው የለበለበሽ?» አለኝ። አሳየሁት። ቀስ አድርጎ ያዘልኝ። መለብለቤን ማን እንደነገረው ለመጠየቅ ሐሳቡም አልመጣልኝም።

ከዚያ «ነይ፣ እንመልሳት» አለኝ።

እማማ አዋላጅ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ሁለት ጎረቤት ከቧቸዋል። «የፈሩት ይደርሳል! ሌባ ወሰዳት ብዬ ዋሸሁ፤ ይኸው ሌባ ወሰዳት! የእጄን ነው ያገኘሁት!» አባቴ ድቡሌን ከሹራቡ አውጥቶ ጭናቸው ላይ አስቀመጠላቸው። እማማ አዋላጅ ልጅ እንደሚታቀፍ አቀፏት። «ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ። ዕቃህ ናት፣ ውሰዳት» ይላሉ፤ እጃቸው ግን እየጠበቀ ይሄዳል። «ምን ላድርግ? ድሮ በሬ ሳይንኳኳ የዋለበት ቀን የለም። 'እማማ ድረሱ፣ ምጥ ይዟታል!' ነው። አሁን ማን ያንኳኳልኛል? ይቺ ናት የምታንኳኳልኝ። ስታንኳኳ 'መጣሁ፣ መጣሁ' እላታለሁ። እንደ እብድ።»

«የርስዎ ናት፣ እማማ። ከእንግዲህ ስልሳ ቀን የለም» አለ አባቴ።

«ከየት አገኘሃት?»

«ወድቃ ተገኘች።»

እማማ አዋላጅ ቀሚሴ ላይ ያለውን የሻይ እድፍ አዩት። ሹራቤንም አዩት። እጄን ያዝ አድርገው ሳብ አደረጉኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

በወሩ የቅርጽ ክፍል ተዘጋች። ቀጥቃጩ ጡረታ ወጡ። አባቴ የምርት መጨረሻው ጋ ተመደበ፤ ተሠርቶ የሚያልፈውን ድስት በጣቱ እያንኳኳ ስንጥቅ ያለበትን በድምፁ የሚለይበት ሥራ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድስት ሲያንኳኳ ኖረ። እናቴ አንድ ቀን «ምን ተፈጥሮ ነው ሰውየው ሐሳቡን የቀየረው?» ብላ ስትጠይቀው «ተይው» አላት። «ዝም አይነቅዝም» ብላ እሷም ተወችው። እኔ ሥራ አስኪያጁን ለዓመታት ረገምኩት። ማንቆርቆሪያዋን ጭኔን እያቃጠለኝ አምጥቼለት ክፍሉን ዘጋ! ምን ያለ ቃል አባይ ነው!

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ደብተሩን መደርደሪያ ላይ አገኘሁት። ታጥቦ ተመለሰ፣ ታጥቦ ተመለሰ፣ ታጥቦ ተመለሰ። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት «ሌባ ወሰዳት አሉ።» ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው። ደብተሩን ይዤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ያኔ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት የፈለጋትን አንዲት እምቢታ ያገኘው በዚያ ቅዳሜ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ልነግረው አልቻልኩም። አባቴ ውሸቴን አምኖ፣ እማማ አዋላጅ ድቡሌን ጠልተው የመለሱ መስሎት ኖሯል ብዬ አሰብኩ። ብነግረው ደግሞ ክፍሉን ያዘጋችበት የገዛ ልጁ ሆና ልትገኝ ነው። ዝም አልኩ። አይነቅዝም ያለው ማነው? የኔው ሃያ ስድስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ነቅዟል።

እማማ አዋላጅ በቅርቡ አረፉ። መቶ ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። የእህታቸው ልጅ አንድ ማክሰኞ ቤቴ መጥታ በጨርቅ የታሰረ ነገር ሰጠችኝ። ድቡሌ ናት። ሆዷ ጠቁሯል፤ እጀታዋ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንደ መስታወት ያበራል። እጀታው ላይ ወረቀት ታስሯል፤ በሚንቀጠቀጥ እጅ «ለሌባዬ» ይላል። በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ድቡሌ ቤቴ መግባቷን ያኑ ቀን ለአባቴ በስልክ ነገርኩት፤ ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ መጣ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ሰማንያ ሊደፍን ነው፣ በምርኩዝ ይሄዳል፣ ጨዋታው ግን እንዳለ ነው። ሻይ ጣድኩ። ሊፈላ ሲል፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

«ማነው?» አለ አባቴ ወደ በሩ ዞሮ። ሳቅን። ሳቄ መሐል ላይ ተሰበረና ያ የነቀዘ ነገር ወጣ።

«አባዬ… ያኔ እማማ አዋላጅ አልሰጡኝም ነበር። ሰርቄ ነው። ዋሽቼህ ነው።»

ስኳሩን እያማሰለ ቀና አላለም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ሻዩ ትኩስ ነበር እኮ። እስከ አፏ ሙሉ። ሰው አልፈልግም ያለውን ዕቃ አጥቦ ነው የሚመልሰው፤ ስንት ዓመት አይቼ የለ።»

«ታዲያ ያኔውኑ አትነግረውም ነበር? ክዳኗን ከፍተህ 'እየው' ብትለው ይበቃ ነበር! ክፍልህ ተዘጋ እኮ፣ አባዬ! ዕድሜህን ሙሉ ድስት ስታንኳኳ ቀረህ እኮ!»

«እንዴት ብዬ? 'ይቺ ልጄ ሌባ ናት፣ ደግሞም ውሸታም ናት' ብዬ? ሰውዬው ፊት?» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስምንት ዓመትሽ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ እየፈጀሽ ተሸክመሻት የመጣሽው ለኔ ብለሽ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍል ምን ያደርግልኛል?»

እጁን ይዤ ተነፋረቅኩ፤ አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የስምንት ዓመት ልጅ እንደሚያለቅስ አለቀስኩ። «በቃሽ፣ ሚጢ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» ይለኛል።

ሊሄድ ሲነሳ ሸኘሁት። ኮቱን ለበሰ፣ ምርኩዙን ያዘ፣ በሩ ደፍ ላይ ደርሶ ተመለሰና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ።

መጀመሪያ ቀልድ መሰለኝ። ከዚያ ድቡሌ የገባችበት ማክሰኞ ትዝ አለኝና በልቤ ቆጠርኩ። ስልሳኛው ቀን ነበር። ቆጥሮ ነው የመጣው።

«የትኛውን ዕቃ?»

«ማንቆርቆሪያዋን።»

«እሷንማ ሌባ ወሰዳት» አልኩ።

ፊቴን አላየም። እጆቼን ነው ያየው፤ መቼ እንዳነሳኋት ሳላውቅ ድቡሌን ደረቴ ላይ ታቅፌያት ቆሜያለሁ፤ ሙቀቷ በሹራቤ በኩል ይሰማኛል። አባቴ ምርኩዙን በሩ ላይ አስደግፎ ከኮቱ ኪስ ያንን አሮጌ ደብተር አወጣ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ባዶ የቀረው ገጽ ላይ ቀስ ብሎ ጻፈ። እንደ ልጅነቴ በትከሻው በኩል አጮልቄ አነበብኩ። «ሌባ ወሰዳት አለች» ይላል። ሁለት ጊዜ አሰመረበት።